የእትዬ ሬዲዮ ዝምታ

«ይህቺ "ር" የልጁ አይደለችም፤ የአያቱ ናት» አለች አስተማሪዋ፣ የሕፃኑን አገጭ በሁለት ጣቷ ይዛ አፉ ውስጥ እያየች። አነጋገሯ ጥርስ ውስጥ ትል ያገኘ ሐኪም እንጂ የእንግሊዝኛ አነባበብ የምታስተምር ሴት አይመስልም። ሕፃኑ አፉን እንደከፈተ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እናትየው ከሶፋው ጫፍ ቀና አለችና በኮሪደሩ በኩል አማቷን ገላመጠቻቸው።

የሕፃኑን ካልሲ ይዘው ኮሪደሩ ላይ የቆሙት አያት መልስ ነበራቸው። እሳቸው መልስ አጥተው አያውቁም። «የኔ ሳትሆን የባልሽ ናት፤ ትናንት ኳስ ሲያይ "በርታ! ዙርና ምታው!" እያለ ቤቱን ሲያናውጠው ልጁ ጭኑ ላይ ነበር» ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። ልጁ ባለበት ክፍል ውስጥ እሳቸው መናገር የለባቸውም። ይህ የቤቱ ሕግ ነው፤ ሕጉን ያወጣችው ምራታቸው ስትሆን፣ አዋጁን ያነበበላቸው ደግሞ አምጠው የወለዱት ልጃቸው ነው።

እኚህ ሴት ዕድሜያቸውን ሙሉ ገበያ መሐል ብትን ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው። በእጃቸው ጨርቅ እየለኩ በአፋቸው የሁለት ሰፈር ወሬ ያዳርሱ ነበር። ገበያተኛው «እትዬ ሬዲዮ» ብሎ ስም አወጣላቸው፤ እሳቸውም ስሙን ወደዱት። ሬዲዮ እንኳ ባትሪው ሲያልቅ ዝም ይላል፤ እትዬ ሬዲዮ ግን ጉንፋን ድምፃቸውን በዘጋው ቀን በጥቅሻ ብቻ ጨርቅ ሸጠው የገቡ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ሲደክም ሱቁን ለሌላ ለቀቁና የልጅ ልጃቸውን ሊጠብቁ እዚህ ቤት ገቡ። ልጁን «ድንቡሼ» ይሉታል፤ ጉንጩን ላየው ሰው ስሙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ድንቡሼ ያኔ አፉን ፈትቶ፣ እሳቸው አንድ ሲሉ እሱ ሁለት እያለ፣ ቤቱን የወፍ ጎጆ አስመስለውት ነበር።

ከዚያ ምራታቸው ከምትሠራበት የቲኬት ቢሮ አንድ ወሬ ይዛ መጣች። የአለቃዋ ልጅ፣ ያ ሁሉም ሰው የሚመኘው ትምህርት ቤት የገባው፣ አፉ ንጹሕ ስለሆነ ነው አሉ። ልጅ በሕፃንነቱ የሰማው ድምፅ ጉሮሮው ላይ ይደርቅና በኋላ በመዶሻም አይላቀቅም አሉ። ማን እንዳለ አልታወቀም፤ ብቻ ተባለ። በሳምንቱ ልጃቸው፣ የኢንሹራንስ ቢሮ ኃላፊው፣ እናቱ ክፍል ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እማዬ፣ እንዳትቀየሚን» አለ፣ የግድግዳውን ቀለም እያየ። «ልጁ ባለበት ባታወሪ።»

«ምን አጥፍቼ?»

«ምንም። ድምፅሽ ነው። "ጠ"ው፣ "ቀ"ው፣ "ጨ"ው… በጣም ይጠነክራል። እንግሊዝኛ ለስላሳ ነው፤ ያበላሽበታል።»

እትዬ ሬዲዮ በዚሁ በጠንካራ ድምፃቸው ያሳደጉትን ልጅ አዩት። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ቢሮው ባለ ሊፍት፣ ጉሮሮውም ደህና ነበር። «የኔ ድምፅ አንተን ምን አደረገህ?» ሊሉት ፈለጉና ተዉት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለው አይደለም፤ ሌላ ቤት ሄደው ከማውራት እዚህ ሆነው ልጁን ማየት ስለሚሻላቸው ነው። እውነቱ ይኸው ነው፤ ፍቅር ሰውን ያዋርዳል።

እንግሊዝኛ አውሩለት ከተባሉት ወላጆች አንዷ ማታ ደክማ ትገባለች፣ አንዱ ማታ ኳሱን ይከፍታል። ከሁለቱም ልጁ የሚሰማው «ና»፣ «አትንካ»፣ «ተኛ» ነው፤ በእንግሊዝኛ ይሁን እንጂ ያው ና፣ አትንካና ተኛ ነው። ቀኑን ሙሉ አብረውት የሚውሉት እትዬ ሬዲዮ ናቸው። እና ምን ያድርጉ? የተከለከለው ቃል ነው እንጂ ትንፋሽ አይደለም። ሲስማሙ አየር ሳብ አድርገው ወደ ውስጥ «እህ» ይላሉ፣ ያቺን ሰው ሁሉ «አዎ» ለማለት ሲሰንፍ የሚጠቀምባትን። ሲያዝኑ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ሲቆጡ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ድንቡሼ እግሩን ሲመታው ከንፈር ይመጥጡለታል፤ ከረሜላ በዓይኑ ሲለምን «እህ» ብለው ኪሳቸውን ይዳብሳሉ። ሁለቱ እንዲህ አድርገው ቀኑን ያስመሹታል። ልጁም የሚናገር ሰው ሲያጣ መናገሩን ተወው፤ እናቱ ይህንን «እያሰላሰለ ነው» ትለዋለች።

የአስተማሪዋ ትምህርት እንዲህ ነው። መስታወት ታቆማለች። ከድንቡሼ አፍ ፊት ስስ ወረቀት ታንጠለጥልና «ፕ» ሲል ወረቀቱ ካልተርገበገበ አላልክም ትለዋለች። ላስቲክ ስባ ረጅሙን «ኢ»፣ ለቀቅ አድርጋ አጭሩን ታሳየዋለች። «ስ» ከማለቱ በፊት «እ» ካስቀደመ ጠረጴዛውን በእርሳስ ትመታለች፤ ያቺ «እ» ስንት ቀን አስለቅሳዋለች። እጁን ጉሮሮው ላይ ታስቀምጥና የሚነዝረውን ድምፅ ከማይነዝረው ታስለየዋለች። ከሁሉ የባሰው ግን የምላሱ ነው። ምላሱን በጥርሶቹ መሐል አውጥቶ «ዝዝ» ማለት አለበት። እትዬ ሬዲዮ አምስት ልጆች ሲያሳድጉ ምላሱን ያወጣ ልጅ ሁሉ ቁንጥጫውን ቀምሷል፤ «አስገባ ይህን ምላስህን፣ ባለጌ» ነበር የሚባለው። አሁን ሴትዮ ተቀጥራ፣ ሻይ ቀርቦላት፣ «የበለጠ አውጣ! ጎበዝ!» ትለዋለች። ያውም ክፍያዋ በሰዓት ነው። ዕድሜ ለሰጠው ሰው ምን የማያየው አለ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ያ ትምህርት ቤት ድንቡሼን የሚፈትንበት ቀን። አስተማሪዋ የመጨረሻውን ማስተካከያ ልታደርግ ነው በጠዋት የመጣችው። እሷ ሄዳ በሩ ሲዘጋ እትዬ ሬዲዮ የሻይ ብርጭቆውን ይዘው ወደ ወጥ ቤት ነበር የሚሄዱት፤ ገርበብ ካለው የወጥ ቤት በር የምራታቸው ድምፅ ወጣ።

«ዛሬ ካላለፈ እማማ ወደ እህትህ ቤት ይሂዱ። ሰማኸኝ? እየተደበቁ ያወሩታል። "ር"ዋ ከሰማይ አልወረደችም።»

እትዬ ሬዲዮ የልጃቸውን መልስ ጠበቁ። «እናቴ እኮ ናት» ይላል ብለው ጠበቁ። ቢያንስ «እስቲ እናያለን» ይላል ብለው ጠበቁ። ልጃቸው ውሃ ቀዳ፣ ጠጣ፣ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ዝም አለ። የልጅ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ከእናት በላይ የሚያውቅ የለም። ሴት ልጃቸው ያለችበት ከተማ የአውቶቡስ መንገድ ሙሉ ቀን ነው። ድንቡሼን በዓመት አንድ ጊዜ፣ እሱም አስተማሪዋ ከፈቀደች፣ ያዩታል።

ወደ ፈተናው እሳቸውም ሄዱ፤ ድንቡሼ የሻርፓቸውን ጫፍ ካልያዘ ከቤት አልወጣም ስላለ ነው። መኪና ውስጥ አባትየው በመስታወቱ እያያቸው «እማዬ፣ እዛ ስንደርስ አደራ» አለ። እሳቸው «እህ» አሉ፤ ድንቡሼም አብሯቸው «እህ» አለ። ከፊት የተቀመጠችው ምራታቸው ዞር ብላ አየች፤ ግን ከንፈሯን ቀለም እየተቀባች ስለነበር ነገሩን አልተከታተለችውም።

የትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ምንጣፉ ወፍራም፣ ወንበሩ ትንንሽ ነው። አባትየው የሕፃን ወንበር ላይ ጉልበቱን አገጩ ድረስ አጥፎ ተቀመጠ፤ ለልጅ ሲባል ምን የማይኮን አለ። ፈታኟ መነጽሯን በሰንሰለት ያንጠለጠለች ሴት ናት። ትልልቅ ሥዕሎች እያነሳች በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች። እትዬ ሬዲዮ ቋንቋውን ባይችሉም ሥዕሉ ይታያቸዋል፤ ነገሩ አልጠፋቸውም።

መጀመሪያ የውሻ ሥዕል አነሳች። ይህ ውሻ ነው ወይ ነው ነገሩ። ድንቡሼ ውሻውን አየ፣ ፈታኟን አየ፣ አየሩን ሳብ አድርጎ «እህ» አለ። ፈታኟ ደገመችው። ድንቡሼም ቅንድቡን ከፍ አድርጎ፣ ከበፊቱ ረዘም ያለ «እህ» ሳበላት፤ ምን ታደርቂኛለሽ፣ ውሻ ነው አልኩሽ እኮ የሚል ነው። እናትየው ቦርሳዋን ጨበጠች። ቀጥሎ ብስክሌት መጣ፤ ብስክሌት ትወዳለህ? «እህ!» ይህኛውማ ከሆዱ ነው፤ ትከሻው ሁሉ ተነሳ። ቀጥሎ ፊኛዋ አምልጧት የምታለቅስ ልጅ መጣች፤ ምን ሆነች? ድንቡሼ ሥዕሉን ጎንበስ ብሎ መረመረ። ራሱን ግራና ቀኝ አወዛወዘ። ከዚያ ሐዘን ቤት እንደመጣ ሽማግሌ ከንፈሩን መጠጠ።

እትዬ ሬዲዮ ሻርፓቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። ሳቅም ነበር፣ ፍርሃትም ነበር፤ የሳቁት ልጁ ሁሉንም በትክክል ስለመለሰ ነው፣ የፈሩት ያንን ያወቁት እሳቸውና እሱ ብቻ ስለሆኑ ነው።

ፈታኟ ሥዕሎቹን ሰበሰበች። «ልጁ አየር ያጥረዋል?» ብላ ወላጆቹን ጠየቀች። «እንዲህ ሲያቃስት ቆይቷል? እስኩላችን የጤና ማስረጃ ሳያይ አይቀበልም። ሐኪም ይየውና ትመለሳላችሁ፤ ቃል ግን ካልተናገረ ይቸግረናል።» እትዬ ሬዲዮ ከ«ስኩል» በፊት የተሰካችውን «እ» ለይተው ሰሟት። ልጁን ስንት ቀን ያስለቀሰችው «እ» እዚህ ቢሮ ውስጥ ደመወዝ እየበላች ነው። ይህንንም ዋጡት፤ ሆድ ይፍጀው።

መኪናው ውስጥ ማንም አልተነፈሰም፤ ትንፋሽም አሁን የሚያስከስስ ሆኗል። ምራታቸው ወደ መስኮቱ ዞራ ታለቅሳለች። «ቃል ሲከለከሉ ትንፋሻቸውን አስተማሩት» አለች፣ ለባሏ እየተናገረች ግን እንዲሰማ ጮክ ብላ። ባሏ መብራት ላይ ቆሞ በእጁ መሪውን ይመታል። ቆይቶ «ለእህቴ ዛሬ እደውልላታለሁ» አለ። ተቆረጠ ማለት ነው።  ድንቡሼ ከእትዬ ሬዲዮ ጭን ላይ ሆኖ ወደ ላይ አያቸው፤ ከዚያ አስተማሪዋ እንዳሳየችው ትንሿን መዳፉን በአያቱ ጉሮሮ ላይ ለጠፈ፣ ይነዝር እንደሆነ ሊያይ። ምንም አልነዘረም። እጁን ሳያነሳ እዚያው ይዞ ቆየ።

ከዚያው በቀጥታ የሄዱበት የጆሮና የጉሮሮ ሐኪም ሽበታም፣ ጫማው ያረጀ፣ ክሊኒኩ ግን ውድ የሆነ ሰው ነው። ድንቡሼን አልጋ ላይ አስቀምጦ ደረቱን አዳመጠ፣ ጀርባውን አዳመጠ፣ ጉሮሮውን አየ።

«ከረሜላ ትወዳለህ?» አለው፣ እንደ ማንኛውም ሰው።

«እህ» አለ ድንቡሼ፣ ወደ ውስጥ።

«ይኸው!» አለች እናትየው። «ይኸውልዎት፣ እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

ሐኪሙ ማዳመጫውን ከጆሮው አወጣ። ልጁን አየ፣ እናቱን አየ፣ ቀልድ መሆኑን የሚነግረው ሰው የሚጠብቅ ይመስላል። «እመቤት፣ ይህ በሽታ አይደለም» አለ። «"አዎ" ነው።»

 ሐኪሙ ወደ ጥግ ወደተቀመጡት አሮጊት ዞረ። «እርስዎ ነዎት ያስተማሩት?»

እትዬ ሬዲዮ ልጃቸውን አዩት። ምራታቸውን አዩ። ልጁ እዚሁ ነው፣ ሕጉም አልተነሳም። አየር ሳብ አድርገው «እህ» አሉ።

ሐኪሙ ሳቁን ሊይዘው ሞክሮ አመለጠው። «እርስዎም መናገር አይችሉም?»

«ትችላለች» አለ ልጃቸው፣ ጆሮው እየቀላ። «ከልክለናት ነው። ለአነባበቡ ብለን…» አረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ቤት ውስጥ ሲባል ብልህነት ይመስል የነበረው ነገር ባዕድ ፊት ሲነገር ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ ገና ሰማው። ከንግግሩ በኋላ ወለሉን ማየት ጀመረ።

«የልጁ ሳንባ ከኔ ይሻላል» አለ ሐኪሙ። «ያጠረው አየር አይደለም፤ ያጠረው ወሬ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያወራው ሰው ፈልጉለት።»

«በእንግሊዝኛ ነው?» አለች እናትየው።

«እሳቸው በሚችሉት።»

ይህንኑ በእንግሊዝኛ ጻፈው፤ ከሥሩም ማኅተም መታበት። እትዬ ሬዲዮ በነጻ ሲመኙት የኖሩት ነገር፣ ማለትም ከልጅ ልጃቸው ጋር ማውራት፣ ክፍያ ተከፍሎበት፣ በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ፣ ማኅተም ሲያርፍበት መድኃኒት ሆነ። ምራታቸው ወረቀቱን እስከ ቤት ድረስ ደጋግማ አነበበችው፤ ማታም ትምህርት ቤቱ ድንቡሼን ሌላ ቀን እንደሚፈትነው በስልክ ተስማማች። ለእህትየው አልተደወለም። ይቅርታም አልተጠየቀም፤ እዚህ ቤት ይቅርታ ገና በሐኪም አልታዘዘም።

እራት ከተነሳ በኋላ ምራታቸው መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ፊቷ ለስልሷል፤ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ሰው የሚላትን ማመን የምትወድ ሴት ናት።

«እማማ፣ እንግዲህ ሐኪሙ ካለ ያውሩት» አለች። «ከምሳ በኋላ ለአንድ ሰዓት ይሁን፣ ከእንቅልፉ በፊት ደግሞ ትንሽ። ብቻ…»

«ብቻ ምን?» የሚለውን በቅንድባቸው ጠየቁ።

«ብቻ እነዚያን ጠንካሮቹን ይተዉልን። "ጠ"፣ "ቀ"፣ "ጨ" ያለበትን ቃል ብቻ። ሌላው ችግር የለውም።»

እትዬ ሬዲዮ አሰቡት። ከልባቸው አሰቡት፤ የገበያ ሰው ዋጋ ሳያሰላ አይመልስም። ያለ «ጠ» ውሃ ጠጣ አይባልም፣ ጥርስህን ታጠብ አይባልም። ያለ «ቀ» ቁጭ በል የለም፣ ፍቅርም የለም። ያለ «ጨ» ጨረቃ የለችም፣ ጨዋታም የለም። ልጁ የሚቀርለት ና፣ አትንካና ተኛ ነው፤ እሱማ በእንግሊዝኛ ተሟልቶለታል።

ምራታቸውን እያዩ፣ አየሩን ረጅም አድርገው ሳቡና «እህ» አሉ። ከዚያ ተነሱ፣ ድንቡሼን በእጁ ይዘው ክፍላቸው ገቡ፣ በሩን ዘጉ።

አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተጋደሙ። ሲጀምሩ ድምፃቸው ሻክሮ እምቢ አላቸው፤ ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ ሱቅ በር ነበር የሚመስለው። ድንቡሼ ወዲያው መዳፉን ጉሮሯቸው ላይ አሳረፈ።

«አንድ ጊዜ» አሉት፣ «ጥርሱ የወለቀ ጅብ ጨረቃን ቆርጦ ሊበላ ቆጥ ላይ ወጣ።»

ከመዳፉ ሥር ጉሮሮው ነዘረ። የልጁ ዓይን ፈጠጠ። «ጥርሱ»ን፣ «ጨረቃ»ን፣ «ቆርጦ»ን እያንዳንዷን በእጁ ይቀበላት ነበር። እትዬ ሬዲዮ አልሳሱለትም። ጅቡን ከቆጡ አወረዱት፣ ጭቃ ውስጥ ነከሩት፣ ቁንጫ አስነከሱት፣ በጥፊ አስመቱት፤ ተከልክለው ያጠራቀሙትን «ጠ»ና «ቀ» ሁሉ በዚያ ምስኪን ጅብ ጀርባ ላይ ጫኑት። ከዚያ ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም አሉ።

«ከዚያስ?» አለ ድንቡሼ።

በቃል ነው ያለው፣ ጥርት ባለ ቃል። ኮሪደሩ ላይ ወለሉ ሲጢጥ አለ፤ ለካ ሁለቱም ከበሩ ውጭ ቆመው ያዳምጣሉ።

«እሱ ነው እንዴ የተናገረው?» የሚለው የምራታቸው ሹክሹክታ ተሰማ።

መልሱ ከልጃቸው ቃል ሆኖ አልወጣም። በበሩ ስንጥቅ በኩል የተሰማው አንድ ትልቅ ሰው አየር ሳብ አድርጎ፣ ወደ ውስጥ፣ ከሆዱ «እህ» ሲል ነው። እትዬ ሬዲዮ ያንን ትንፋሽ አወቁት፤ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

 ቀጥሎ ምራታቸው፣ ድምፅዋን ዝቅ ማድረጉን ረስታ፣ «ሰኞ አስተማሪዋ ስትመጣ ያንተንም አፍ ትየው» አለች።

እትዬ ሬዲዮ ሳቃቸውን ትራሱ ላይ ጨረሱና የልጁን እጅ ጉሮሯቸው ላይ አስተካከሉት። «ከዚያማ» አሉ፣ በሩ እንዲሰማ ጮክ ብለው፣ «ጅቡ ቤቱ ሲገባ ልጁ አላውቅህም አለው።»